ተናጋሪው ያልተጻፈበት ምሳሌ

የአማርኛን ተረትና ምሳሌ ሰብስቦ ማሳተም የቆየ ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኢኛትሲዮ ጒዲ በ1894 በሮም፣ ዣክ ፋይትሎቪች በ1907 በፓሪስ ስብስቦቻቸውን አሳትመዋል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች በዚሁ ሥራ ደክመዋል። ድካማቸው ባይኖር ኖሮ ብዙው ቃል ከአረጋውያን ጋር በተቀበረ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው እንግዲህ መሰብሰቡን ሳይሆን የአሰባሰቡን መንገድ ነው። አብዛኞቹ ስብስቦች ምሳሌውን በፊደል ተራ አሰልፈው፣ ማን ለማን በምን ጊዜ እንደተናገረው ሳይነግሩን ያልፋሉ። ከዚህም የተነሣ አንባቢው፣ ይልቁንም የሌላ አገር ሰው የሆነ እንደሆነ፣ እያንዳንዱን ቃል ሕዝቡ የሚተዳደርበት ሕግ አድርጎ ይወስደዋል።

«እኔ ከሞትሁ ሠርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውን እንመልከት። ይህን ቃል የኑሮው መመሪያ ያደረገ ሰው የለም። የሚነገረው ለራሱ ጥቅም ብቻ የሚያስብ ሰው የታየ እንደሆነ ነው፤ በአህያ አፍ መደረጉም ለመዘባበቻ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እና «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት ደግሞ ጐን ለጐን ቢታተሙ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። የአገሩ ሰው ዝምታን ይወዳል ወይስ ንግግርን ብሎ መጠየቅ ግን ከንቱ ነው። የፊተኛው ነገር እንዳያባብስ ለሚፈራለት ሰው የሚሰጥ ምክር ሲሆን፣ የኋለኛው ጉዳዩን ይዞ ከደጅ ቆሞ የሚያፍረውን ማደፋፈሪያ ነው። አንድ ሽማግሌ ጧት ያንን፣ ማታ ይህን ቢናገር ቃሉን አጠፈ የሚለው የለም።

ሰብሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የማይጽፉት ሌላ ልማድም አለ። ዐዋቂ ተናጋሪ ምሳሌውን አይጨርሰውም። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና» ብሎ ይተወዋል፤ ገደሉን ሰሚው በልቡ ይጨምርበታል። ተግሣጹን የፈጸመው ሰሚው ራሱ ስለሆነ በተናጋሪው ላይ ሊቈጣ አይችልም። በሽምግልና የምሳሌው ኃይል ብዙ ጊዜ ያለው በዚህ በተተወው እኩሌታ ላይ ነው። መጽሐፉ ግን ሙሉውን አትሞ ዝምታውን ያጠፋዋል።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» በሚለው ላይ ግን ስሕተቱ በሕዝብ ላይ ፍርድ ያስከትላል። ዛሬ ስለ ጉቦና ስለ ሙስና በተጻፈና በተነገረ ቍጥር ይህ ቃል ይጠቀሳል፤ የሚጠቀሰውም ባህላችን ሌብነትን እንደሚፈቅድ ማስረጃ ተደርጎ ነው። እኛ ይህን ማስረጃ አንቀበለውም። በመጀመሪያ «መብላት» የሚለው ቃል ታሪክ አለው። በቀድሞው ሥርዓት ሹም በወር ደመወዝ ሳይሆን በጉልት ከተሰጠው አገር ግብር እየተቀበለ ይኖር ነበር፤ ይህም አገር መብላት ይባል ነበር። ሹመቱ ሲነሣ ግብሩም አብሮ ይነሣበታል። በዚያ ዘመን ያልበላ ሹም ማለት መብቱን ሳይጠቀምበት የቀረ ሰው ማለትም ነበረ። ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻሩ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ሹሙም ደመወዝተኛ ከሆነ ወዲህ ቃሉ ሳይለወጥ ነገሩ ተለወጠ፤ መብላት ማለት ጉቦ መብላት ሆነ።

ሁለተኛም የተናጋሪው ማንነት አለ። ዘመድ ለአዲስ ሹም በጆሮው ሲለው ማባበያ ነው፤ እንዲህ የሚል ዘመድ ሞልቷልና ይህን መካድ አይገባም። ባለጉዳይ ከሹም ደጅ ባዶ እጁን ሲመለስ ለባልንጀራው ሲለው ግን ምሬት ነው፤ ሹሙ በስውር የሚሠራበትን ሕግ በአደባባይ እየጠራ መክሰሱ ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል በኖረበት አገር ክስ የምክር ልብስ ለብሶ ቢወጣ አያስደንቅም። የሕዝቡን ባህል የሚወቅሱ ጸሐፊዎች የከሳሹን ቃል የተከሳሹ የእምነት ቃል አድርገው መዝግበውታል።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውም እንዲሁ የሕዝብ ጥበብ ተብሎ ይታተማል። የተናጋሪው ስም ዝርዝር ቢገኝ የሕዝቡ እኩሌታ ያልመከረበት መሆኑ በታየ ነበር። እርግጥ ሴቶችም ሲሉት ይሰማል፤ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሉት ግን የጻፈልን የለም።

አንድ ሰብሳቢ የተናጋሪውንና የሰሚውን ዕድሜና ዝምድና፣ የተነሣውን ጉዳይ፣ ምሳሌው ተጨርሶ ወይም በእኩሌታው ቀርቶ እንደሆነ፣ ሰሚውም ምን እንደመለሰ ቢጽፍ፣ እንዲህ የተያዙ ሁለት መቶ ምሳሌዎች በፊደል ተራ ከተሰለፉ ብዙ ሺሆች ይልቅ ይጠቅሙናል። መቅረጸ ድምፅ በየሰው ኪስ በገባበት ዘመን ሥራው እንደ ጥንቱ አያደክምም። የሚጀመርበትም ስፍራ ሩቅ አይደለም፤ የዕድር ስብሰባና የዕርቅ ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ።