የጉዞ አበቅቴ

ባሕረ ሐሳብን ያስተማሩኝ የኔታ ከሁሉ አስቀድሜ እንዳስተውል ያዘዙኝ፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት ግን 354 ቀን ስለ ሆነ፣ በሁለቱ መካከል የሚተርፈው 11 ቀን እንደ ገለባ የሚጣል ሳይሆን፣ አበቅቴ ተብሎ በክብር የሚጠበቅ መሆኑን ነበር። በስሌቱ ወንበር የሚባለው ቍጥር አንድ ሲሆን አበቅቴው 11፣ መጥቅዕ የሚባለውም 19 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩም ዘወትር 30 ይሆናሉ። ትርፍ የሚመስለውን ያን ቍጥር የዘነጋ ሰው የነነዌን ጾምም ሆነ ፋሲካን ከቦታቸው ያስታቸዋል። ይህን በልጅነቴ በቃሌ ብይዘውም፣ ምሥጢሩ የተገለጠልኝ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ቤተ ሰቦች ጉዞ ማሰናዳት መተዳደሪያዬ ከሆነ ወዲህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ፣ ይኸውም አያቲቱ፣ ባልና ሚስቱ፣ እንዲሁም የ14፣ የ11 እና የ7 ዓመት ልጆቻቸው፣ ለ30 ቀን ወደ አገር ቤት ሊመጡ አስበው፣ ሊያዩ የሚሹትን ሥፍራ በአንድ ገጽ ዘርዝረው ላኩልኝ። ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ጣና፣ ስሜን፣ ባሌ፣ ሐረር፣ ላንጋኖ፣ አርባ ምንጭ፤ ገጹን ሳነበው ናፍቆት እንደ ጻፈው ዐወቅሁ፤ ናፍቆት ደግሞ ርቀትን አይቈጥርም። እኔም የየመንገዱን ሰላም አጣርቼ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ለሁሉ እንደማደርገው ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው፤ ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ሳያለቅስ ምን ያህል በእግሩ ይሄዳል? እናታችሁ ሳያዩት ቢመለሱ የሚያዝኑበት ሥፍራ የትኛው ነው? የሚጠብቃችሁስ ዘመድ ስንት ነው? ትንሹ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል አሉኝ፤ አያቲቱ ተወልደው ባደጉባት በጎንደር ጥምቀትን ሳላከብር አልሞትም ብለዋል አሉኝ፤ ዘመዱን ግን ቈጥሮ መጨረስ አልተቻለም።

ጉዞ የሚያሰናዳ ሰው ከቦታ በፊት ጊዜን ይመረምራል። የአሜሪካ ተማሪ ቤቶች ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው በእኛ ክረምት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የስሜን ገደል በጉም ይሸፈናል፣ ዱካው ጭቃ ይሆናል፣ ድንኳኑም ዝናብ ሲወርድበት ያድራል፤ ልጅም ተራራን በመጀመሪያ ያወቀው በብርድና በጭቃ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛ ውጣ ቢሉት እሺ አይልም። ስለዚህ ወላጆቹ ከተማሪ ቤቱ ጋር ተነጋግረው፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ይዘው እንዲመጡ ካስፈቀዱ በኋላ፣ ጉዞው ከታኅሣሥ 14 እስከ ጥር 13 እንዲሆን ቈረጥን፤ በዚህም ልደትን በታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትን በጥር 11 አገኘን። በዓላቱ የማይነቃነቁ ምሰሶዎች ናቸው፤ የቀረው ሁሉ በመካከላቸው ይዘረጋል። ጉዞ በማሰናዳበት ደብተር ላይም ቀኑን በሁለቱ የዘመን አቈጣጠር፣ ሰዓቱንም በሁለቱ አነጋገር ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ ከንጋት ጀምረን የምንቈጥረው የእኛ 2 ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለሚቈጥር ሰው 8 ሰዓት ስለ ሆነ፣ በዚህ ምክንያት ጀልባ ያመለጠው እንግዳ አጋጥሞኝ ያውቃልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘመድ ሒሳብ ነው። የውጭ አገር ሰው ጉዞና ከሰው አገር ወደ ዘመዶቹ የሚመለስ ሰው ጉዞ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ የአክስት ቤት ምሳ በሰዓት አይለካም፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ የሚነሣ እንግዳም ባለቤቲቱን ያስቀይማል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀኖች ያለ አንዳች ሌላ ጉዳይ ለአዲስ አበባ ዘመዶች ሰጠኋቸው፤ ይህም ሁለት ጥቅም ነበረው፤ በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የስምንት ሰዓት ልዩነት ያዛባው እንቅልፍ በእነዚያ ቀኖች ይስተካከላል፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለችው ከተማም የልጆቹን ሳንባ ለሚመጣው ተራራ ቀስ በቀስ ታለማምዳለች።

ስለ ተራራው ግን የምናገረው ከጥፋቴ ተምሬ ነው። በሙያው ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ጊዜ ያጠራቸው ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ስሜንን እንዳሳያቸው ቢለምኑኝ፣ መኪና ጭንቅ እስከሚባለው ማደሪያ ስለሚዘልቅ፣ በማለዳ ከጎንደር አስነሥቼ በዚያው ቀን 3620 ሜትር ላይ አሳደርኋቸው። እኩለ ሌሊት ሲሆን የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ራሷን ይዛ ታለቅስ፣ ታስታውክም ጀመር፤ እኛም ድንኳኑን እንደ ተተከለ ትተን፣ በዚያ ጨለማና በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደባርቅ ወረድን። ልጅቱ በነጋታው ድና ብትስቅም፣ የእናቲቱ ፊት ግን እስከ መጨረሻው አልተፈታም፤ እነርሱን የምክስበትም ቀን አልነበረኝም፣ ሁሉን ቀን አስቀድሜ ሞልቼው ነበርና። ስሕተቱ የተራራውም የመንገዱም አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከ3000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር የበለጠ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ቀን በዚያው ከፍታ እንዲታረፍ፣ ራስ ምታትና ማስታወክ ሲታይ መውጣቱ እንዲቆም፣ ቢብስም ያለ ክርክር እንዲወረድ የሚያዘውን ሥርዓት እንደ ቀኖና እጠብቀዋለሁ። ለዚህም ቤተ ሰብ የመጀመሪያውን ሌሊት በሳንቃበር፣ 3250 ሜትር ላይ፣ ቀጣዮቹን በግጭ፣ 3600 ሜትር ላይ፣ የመጨረሻውንም በጭንቅ አደረግሁት፤ አንድ ሰዓት ብቻ ለሚሄደው ሕፃን አንዲት ልበ ሰፊ በቅሎ ከጫኟ ጋር ተያዘችለት፤ አያቲቱም የመኪና መንገድ በማይገባበት በግጭ ከመንገላታት ይልቅ በጎንደር ከዘመዶቻቸው ጋር እንዲሰነብቱ ተስማማን። የጥር ሌሊት በዚያ ከፍታ ውርጭ ስለሚጥል፣ ለልጆቹ ወፍራም የመኝታ ከረጢትና የሱፍ ቆብ አዘጋጀሁ፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ የሚያቃጥል ስለ ሆነ ሰፊ ባርኔጣ አልረሳሁም፤ ለወጥ ቤቱም የትኞቹ ረቡዕና ዓርብ እንደሚውሉ አስቀድሜ ነገርሁት፤ ጫኞቹና አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ ጾመኞች ናቸውና፣ አንድ እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ሁለት ዓይነት ማዕድ መብላት የመንገድ ፍቅርን ይቀንሳል።

በጣናም ጥቂት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም ስለ ሆነ፣ እናትና ሴት ልጅን በጀልባው ላይ አስቀምጦ ወንዶቹን ብቻ ከማስገባት፣ በዘጌ የቡና ጥላ ሥር ተጕዞ ሁሉ በአንድነት ወደሚሳለሙት ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መሄድ ይሻላል። በሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆቹ እንዳይዋኙበት ነግሬ፣ መዋኛቸውን በላንጋኖ አደረግሁት። አያቲቱ በድሮው የአንድ ብር ኖት ላይ ያዩት የነበረውን ፏፏቴ ለልጅ ልጆቻቸው ሊያሳዩ ይመኙ ነበር፤ እኔ ግን ጢስ ዐባይ በጥር ውኃው እንደሚያንስ፣ የወንዙም ውኃ ለመብራት ኃይል እንደሚጠለፍ አስቀድሜ ገለጥሁላቸው። ያልተነገረ እውነት በመንገድ ላይ ሐዘን ይሆናልና።

ባሌን፣ ሐረርን፣ አክሱምንና አርባ ምንጭን ከገጹ ስሰርዝ እጄ ከብዶኝ ነበር። የቀረውን ስደምር፣ ለአዲስ አበባ 4፣ ለላንጋኖ 2፣ ለላሊበላ ልደት 3፣ ለጣና 2፣ ለስሜን 5፣ ለጎንደር ጥምቀት 3፣ በጠቅላላው 19 ቀን ሆነ። የተረፈው 11 ነበር፤ እኔም የኔታን አስታውሼ፣ በእነዚያ 11 መስመሮች ላይ ምንም ሳልጽፍ፣ በየምዕራፉ መካከል በትኜ ደብተሩን ላክሁላቸው። አባትየው ወዲያው ደወሉ። «ጋሼ፣ ለ11 ቀን ምንም አልጻፉም፤ ረስተዋቸው ነው? ይህን ጉዞ ለማድረግ እኮ ስምንት ዓመት አጠራቅመናል» አሉኝ። «አልረሳኋቸውም፤ ከሁሉ ይልቅ የደከምሁባቸው እነርሱ ናቸው» ብዬ ስመልስላቸው፣ ከአክብሮት የተነሣ ዝም አሉ እንጂ እንዳላመኑኝ ከድምፃቸው ተረዳሁ።

በግጭ የመጀመሪያው ምሽት ላይ የ11 ዓመቷ ልጅ እራት አልበላም አለች፤ ግንባሯን ይዛ ከእሳቱ ርቃ ተቀመጠች። አወጣጣችን ሥርዓቱ እንደሚያዘው ቢሆንም፣ አካል ሁሉ አንድ አይደለምና ሕመሙ አልቀረም፤ እኔም የዚያችን የጭንቅ ሌሊት ልጅ ያየሁ መሰለኝ። ነገር ግን ይህኛው ሌሊት ያን አልነበረም፤ በማግሥቱ ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ ልንወጣ ቢታሰብም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ባዶ ስለ ነበር፣ የሚያጣድፈን አንዳች ነገር አልነበረም። እስከ ቀትር ካልተሻላት ወደ ሳንቃበር እንድናወርዳት በቅሎዋን አስጭኜ፣ ወላጆቿም ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እያጠጧት ጠበቅን። ረፋዱ ላይ ራሷ ቀለላት፤ ገንፎም ጠየቀች።

ከሰዓት በኋላ ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳዎች በሜዳው ላይ ሣር እየነጩ ወደ እኛ ተጠጉ፤ ልጅቱም በጅብራ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ በጣቶቻቸው እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚለቅሙ፣ በደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት እንዴት ወንዱን እንደሚያስጌጥ፣ ግልገሎቹም በእናታቸው ጀርባ ላይ እንዴት እንደሚፈናጠጡ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ በአንክሮ ስትመለከት ዋለች። ትንሹም ወንድሟ ከበቅሎው ጫኝ አልለይ ብሎ፣ ጭነት እንዴት እንደሚታሰር ሲማር ዋለ። በማግሥቱ ባዶ በነበረው ቀን ሁላችን እሜት ጎጎ ላይ፣ 3926 ሜትር ከፍታ ላይ ቆምን፤ ልጅቱ ከሁላችን ቀድማ ነበር።

የቀሩት ባዶ ቀኖችም እንዲሁ ባለቤት አገኙ። አንዱ ላንጋኖ ላይ ተጨምሮ ለእንቅልፍ ዋለ፤ ሌላው አያቲቱ የክርስትና እናታቸውን መቃብር በጎንደር ለመፈለግ፣ አግኝተውም ዕጣን ለማጤስ አስፈለጋቸው። ማንም ሰው ከዋሽንግተን ሆኖ ይህን በደብተር ላይ ሊጽፈው አይችልም ነበር፤ ሥፍራ ሊያበጅለት ግን ይችላል፤ የሙያዬም ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጥምቀት ዕለት ታቦቶቹ ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት ወጥተው ወደየአጥቢያቸው ሲመለሱ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን እንደ ልማዱ በማግሥቱ ሊገባ በዚያው አደረ። አያቲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው አንድ ነገር አሾካሾኩ። አባትየውም ሕዝቡን እየገፉ ወደ እኔ መጥተው፣ በትሕትናና በሥጋት፣ «ጋሼ፣ ነገ ባዶ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ባዶ ነው» አልኋቸው።