ሥዕሉን የሚያነበው ማን ነው? «ባለ ሰባት ዐይን» ስለተባለው የሙያ ምክክር ሥርዓት ሂሳዊ አስተያየት

«ሱፐርቪዥን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቁጥጥር» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ከቁጥጥር ሸሽቶ ለተሰደደ ሰው ቃሉ የሚያስፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በተከፈተው የበርሊን የሥነ ልቡና ትንተና ክሊኒክ ጀማሪው ሐኪም ሥራውን ለአንጋፋ ባልደረባ እያቀረበ ይማር ነበር፤ ይህም በጀርመንኛ «የቁጥጥር ትንተና» ተባለ። ዓላማው ግን ታካሚውን መጠበቅና ሐኪሙን ማነጽ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «ሙያዊ ምክክር»፣ አንጋፋውንም «መካሪ» እንለዋለን።

ፒተር ሆኪንስና ሮቢን ሾሄት እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተዋወቁት፣ በኋላም «ባለ ሰባት ዐይን» ተብሎ የታወቀው ሥርዓት በመስኩ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። መካሪው ታካሚውን፣ የባለሙያውን እርምጃ፣ የሁለቱን ግንኙነት፣ ባለሙያውን ራሱን፣ የባለሙያውንና የመካሪውን ግንኙነት፣ የገዛ ራሱን ስሜት፣ በመጨረሻም ሰፊውን ማኅበራዊ ዐውድ እንዲመረምር ይጠይቃል። መካሪውን ከምርመራው ውጭ አለማድረጉ ትልቅ ብርታቱ ነው።

ሥርዓቱ ለሥነ ጥበብ ሕክምና ሲውል ግን ጉድለቱ ይታያል። የምክር ባለሙያ ወደ ምክክሩ የሚያመጣው በአመዛኙ ትዝታውንና ማስታወሻውን ነው፤ የሥነ ጥበብ ሕክምና ባለሙያ ግን ታካሚው በእጁ የሠራውን ሥዕል ይዞ ይቀርባል። ሠዓሊው በሌለበት ሥራው ይታያል፤ ይተረጎማልም። ጆይ ሻቨሪየንና ካሮላይን ኬስ እ.ኤ.አ. በ2007 በአርታኢነት ያወጡት መጽሐፍ ለዚሁ ሙያ ምክክር ብቻ መዘጋጀቱ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ጥናት እንደሚሻ ያመለክታል።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። አንድ ስደተኛ ወታደርን ባለ አንድ ዐይን አድርጎ ቢሥል፣ ልማዱን የማያውቅ መካሪ የቆሰለ ማንነት ምልክት ነው ሊል ይችላል፤ ሠዓሊው ግን በወታደሩ ላይ ፍርድ መስጠቱ ይሆናል። በአንጻሩ እኛ የአገሩ ልጆችም መቸኰል አይገባንም፤ ምናልባት ሰውየው ያየው አንድ ዐይኑ የጠፋ ወታደር ይሆናል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ሥርዓቱ በሰባተኛ ደረጃ ያስቀመጠው ዐውድ ስለ ሥዕል በሚደረግ ምክክር ቀዳሚ ሊሆን ይገባዋል። ሥዕሉ ለሌላ ሰው ከመታየቱ በፊትም ታካሚው ማን እንደሚያየው፣ ለምንስ እንደሚያየው በገዛ ቋንቋው ተነግሮት ሊፈቅድ ይገባል፤ እንቢ የማለት መብቱም የሕክምናው አካል ነው።