«በፊት» እና «በኋላ»

የውበት ቀዶ ሕክምና ማስታወቂያዎች «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን ያሳያሉ። በመካከላቸው ያለው አደጋ ግን አይታይም። መቀመጫን ለማሳደግ የሚወጋ ስብ ወደ ጡንቻ ከዘለቀ በደም ሥር አልፎ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ማኅበራት ከ3,000 ታካሚዎች እስከ 1 ሰው ሊሞት እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የቆሰለ ወታደሮችን በመጠገን የጎለበተ ሙያ ነው። በአገራችንም የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ይህንኑ አደራ ተሸክሟል።

በሀና ማርያምም ሆነ በሌላ ሰፈር የምንገኝ ባለሙያዎች፣ ምክር ለሚጠይቁን ሁሉ ይህን የተሰወረ ገጽ ልናስረዳ ይገባል። ውበትን መሻት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ጤነኛን አካል እንደ ሕመም አስቆጥሮ አደጋውን መደበቅ ነው።