የሚጮኽ መሣሪያ፣ ዝም ያለ ድንጋይ

በአገራችን የማያረጅ ወሬ ቢኖር የተቀበረ ወርቅ ወሬ ነው። ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት የሄደው ካዝና፣ ባላባቱ በአብዮቱ ማግስት ከጓሮው የደበቀው ጠገራ ብር፣ ከትክል ድንጋዩ ሥር የተኛው የንጉሥ ወርቅ... ቦታው ይለያያል እንጂ ወሬው አንድ ነው። የሚያወራው ሰው ወርቁን በዓይኑ አላየም፤ ያየ ሰው የሚያውቅ ሰው ግን ያውቃል።

ዱሮ ይህን ወሬ ይዞ የሚመጣው «አዋቂ» ነበር። ማሰሮውን የሚጠብቅ መንፈስ አለ፣ ገብስማ ዶሮ ይፈልጋል፣ ዕጣን ይጨስለት ይል ነበር። ዛሬ ዶሮው ቀርቶ ማሽን መጥቷል። ዲቴክተር ይሉታል። ማሽኑ ሳይንስ ነውና የተማረውም ሰው ያምነዋል። አዋቂውን ሲስቅበት የነበረ ዲግሪ ያለው ሰው ለማሽን ኪራይ ሲያዋጣ አያፍርም።

እስቲ ማሽኑን እንየው። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ከታች ያለው ክብ የሽቦ ጥቅልል መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል። ሞገዱ ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ጩኸት ሆኖ የሚሰማን የዚያ መልስ ነው። ተራው ማሽን አንዲት ሳንቲም የሚያገኘው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። ዕቃው ትልቅ ከሆነ ጠለቅ ይላል። «አሥር ሜትር ወርዶ ያያል»፣ «ከሩቅ ሆኖ አቅጣጫ ይጠቁማል» የሚል ሻጭ የሚሸጠው ማሽን ሳይሆን ምኞት ነው። ደግሞም ማሽኑ ለቆርኪም፣ ለሚስማርም፣ ለሰርዲን ጣሳም ይጮኻል። የጌዴኦ ቀይ አፈር የብረት ማዕድን የበዛበት ስለሆነ አፈሩ ራሱ ማሽኑን ሊያስለፈልፈው ይችላል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ነው ያለው? ከጉድጓዱ ውስጥ አይደለም፤ ከቆፋሪው ኪስ ውስጥ ነው። ለማሽኑ ኪራይ መዋጮ፣ «ከላይ ለሚያስጨርሰው» ሰው የሻይ፣ «ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ገዢ» የመኪና። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር መዋጮውም ይጠልቃል። ሞኞች ናቸው ብሎ መሳቅ ደግሞ አይገባም። ብሔራዊ ባንክን የሚያህል ተቋም ወርቅ የተቀባ ብረት ወርቅ ነው ብሎ መግዛቱ በ2000 ዓ.ም. የተጋለጠው በዚችው አገር ነው። ዲላ ላይ ሥራ ያጣ ወጣት ቢታለል ምኑ ይደንቃል? ጌዴኦ በገጠር የሕዝብ ጥግግቱ ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው። አባት ለልጁ የሚያካፍለው የቡናና የእንሰት ማሳ ከዓመት ዓመት ይጠባል። መሬት ከላይ ሲጠብ ሰው ወደ ታች ማየት ይጀምራል።

እንበልና ማሰሮው ተገኘ። ውስጡ ሊኖር የሚችለው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው፤ የቡናውም ንግድ በሱ ይካሄድ ነበርና። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ታትሞበታል። ይህን ያየ ደላላ «ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ!» ብሎ ሚሊዮን ይጠራል። እውነቱ ግን ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞቱ በኋላም ያው 1780 እየታተመበት በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል። ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር እንኳ ሮም ላይ አስመትቶታል። በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ነገር ብርቅ አይሆንም፤ ዋጋው ከብሩ ክብደት ብዙም አይርቅም።

ለመሆኑ ማሰሮውን ማን ቀበረው ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ሰው ገንዘቡን የሚቀብረው ስለተረፈው አይደለም፤ ስለፈራ ነው። ወይ ጦር መጥቶበታል፣ ወይ ወራሽ፣ ወይ ባለሥልጣን። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። ሰው ንብረቱን ትቶ ሲሸሽ ምን እንደሚሆን ለዚያ አካባቢ ሰው መንገር አያሻም። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየርም መንግሥት ከባንክ ውጭ 113 ቢሊዮን ብር አለ ብሎ ነበር። ይህ ሁሉ የወንጀለኛ ገንዘብ ነው ማለት ይከብዳል፤ ባንክ ያላመነ ገበሬና ነጋዴም አለበት። ቆፍረን አገኘነው የምንለው ገንዘብ የአንድ ሰው ፍርሃት ነው። ባለቤቱ ለምን አልተመለሰም ሳይሉ «ዕድሌ ነው» ማለት ከዝርፊያ ብዙም አይለይ።

ወሬው ወደ ጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ሲጠጋ ግን ቀልዱ ጭራሽ ያበቃል። ቱቱ ፈላ፣ ጨልባ ቱቱቲ፣ ሳካሮ ሶዶ... በቡናውና በእንሰቱ መካከል ድንጋዮቹ በሺዎች ቆመዋል፤ ወድቀውም ተኝተዋል። አንዳንዱ ስድስት ሜትር ይደርሳል፤ ሌላው የሰው ፊት ተቀርጾበታል። ቱቱ ፈላ የመቃብር ቦታ ነው። እዚያ አካፋ የሚያነሣ ሰው የሚያገኘው አጥንት ነው።

ድንጋዮቹ ዕድሜያቸው እንዴት ታወቀ መሰላችሁ? አሸናፊ ዜናና አንድሩ ዳፍ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሳካሮ ሶዶን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጽሑፍ፣ የቦታው ዕድሜ ቀድሞ ከሚገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ እስከ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን ደረሰ። ይህን የነገራቸው የካርቦን ምርመራ ነው። ከየሥፍራው የተገኘው ባልጩት ደግሞ አብዛኛው ከሰሜን ኬንያ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የመጣ ሆኖ ተገኘ። የዚያ ዘመን ሰው ድንበር ሳይገድበው ይነግድ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዲቴክተር ለከሰል አይጮኽም። ለባልጩትም አይጮኽም። ለአጥንትም፣ ለገል ስባሪም አይጮኽም። ታሪኩን የያዙት እነዚህ ናቸው፤ ማሽኑ ግን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል፣ አካፋው ይገለብጣቸዋል። ከሰል ከተኛበት ንብርብር አንዴ ከተነቀለ የየትኛው ድንጋይ ዘመን እንደሆነ መናገር ያቅተዋል፤ ከጎረቤት ምድጃ ከወጣው አይለይም። ያለ ዕውቀት የቆፈረ ሰው አንዲት የዛገች ብረት ያገኝ ይሆናል፤ ያጠፋው ግን የአንድ ሺህ ዓመት ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

የብብቷ የተባለው ደግሞ ተረት አይደለም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቡናውን፣ እንሰቱንና ትልልቁን ዛፍ ደራርቦ የሚያለማው የእርሻ ጥበብ፣ ሽማግሌዎች የሚጠብቁት ደን፣ ትክል ድንጋዩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የተመዘገበው። የይርጋጨፌ ስም ብቻውን ምን እንደሚያወጣ ደግሞ አገራችን የቡና ስሞቿን በአሜሪካ ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ስትስማማ አይተናል። ሀብቱ ከመሬት በላይ ነው ያለው።

ሕጉስ? ሕግ አለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከ50 ዓመት በላይ ተቀብሮ ባለቤት ላልተገኘለት ሀብት ያገኘው ሰው የዋጋውን ግማሽ ወሮታ ያገኛል ይላል። ቅርስ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ከልክሎ፣ በድንገት ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ይህን ለገበሬው ማን ነገረው? በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ዲቴክተር ያዥ ስታፎርድሺር ውስጥ ከእርሻ ማሳ በርካታ የወርቅ ቅርስ አግኝቶ አሳወቀ። 3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገምቶ እሱና ባለመሬቱ እኩል ተካፈሉ፤ ቅርሱም በሙዚየም ቀረ። ሰውየው ከኛ ሰው የተሻለ ቅዱስ ስለሆነ አይደለም። ሕጉን ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕጉ እንደሚከፍለው ያምናል። እኛ ዘንድ ያገኘ ሰው ሽልማቱን ሳይሆን ፖሊስን ነው የሚያስበው። ስለዚህ ያገኘውን ለደላላ በሌሊት ይሸጣል፤ ከየት እንደወጣም አብሮ ይጠፋል።

ወቀሳውን ሁሉ አካፋ በያዘው ልጅ ላይ መጣል ቀላል ነው። ማሽኑን ገዝቶ የሚያከራየው፣ የተገኘውን ለሳሎኑ ጌጥ የሚገዛው፣ አዋጁን በመሳቢያው ቆልፎ የተቀመጠው ግን ልጁ አይደለም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። የባህል ጽሕፈት ቤቱም እዚያው ነው። አዋጁን በጌዴኦኛ ለገበያተኛው የሚያነብ፣ «ይህን ካገኘህ እኔ ጋ አምጣ፣ ይህን ያህል ታገኛለህ» የሚል አንድ ሰው ቢመደብ ከአሥር ዘበኛ ይበልጣል። ለልጁም ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ እንግዳ ተቀብሎ ድንጋዮቹን የሚያስጎበኝበት የዕለት ገቢ ይገኝለት። እንጀራ ያልሰጠነውን ሰው ቅርስ ጠብቅ ብንለው አይሰማንም።