«ያንግ ላይቭስ» ጥናትና የትምህርት ዕቅድ

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን መከታተል ጀመረ። ከእነዚህም 3,000 ያህሉ በ20 የጥናት ቦታዎች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የጥናቱ ዐቢይ ብርታት በየጊዜው ወደ እነዚያው ልጆች እየተመለሰ ቁመታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ ትምህርታቸውንና የቤተሰባቸውን ኑሮ መመዝገቡ ነው። በዚህም መሠረት በጨቅላነት የደረሰ መቀንጨር በኋላ ከሚታይ የትምህርት ድክመት ጋር እንደሚያያዝ፣ ይሁን እንጂ የቀነጨረ ልጅ ሁሉ እንደ ቀነጨረ እንደማይቀር ተገንዝቧል። ይህም ዘግይቶ የመጣ እርዳታ ሁሉ ከንቱ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ስለሚያዳክም ለመምህራን ታላቅ ቁም ነገር አለው።

ነገር ግን ድኻ አካባቢዎች እንዲበዙበት ታስቦ የተመረጠ ናሙና በመሆኑ፣ መቶኛዎቹን እንደ አገር አቀፍ አኃዝ መጥቀስ ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ እስከ 2016 የተካሄዱት 5 ዙሮች በ3 ወይም በ4 ዓመት የተራራቁ ስለሆኑ፣ ለአጨዳ ከትምህርት ገበታ ተለይቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተመለሰው ልጅ ሳይታይ ሊታለፍ ይችላል። እርሱን የሚያውቀው የመምህሩ የስም መጥሪያ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የችግሩን አካሄድ ከዚህ ጥናት፣ ስፋቱን ከአገር አቀፍ ቆጠራ፣ የዕለት ተዕለት ገጽታውን ደግሞ ከክፍሉ መዝገብ ሊማሩ ይገባል። አንዱን በሌላው መተካት ግን ልጁን ከዕቅዱ ውጭ ማስቀረት ይሆናል።