«አራሾቹ»፤ በመዳብ ላይ የተቀረጸ የድካም ሥዕል

ጀርመናዊቱ ሠዓሊ ኬተ ኮልቪትዝ በ1524 እና በ1525 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የተነሣውን የጀርመን ባላገሮች ዐመፅ በሰባት የኅትመት ሥዕሎች ተርካዋለች። በ1908 ዓ.ም. ከተፈጸሙት ከነዚህ ሥራዎች መካከል የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው «አራሾቹ» የተባለው ነው።

በሥዕሉ ላይ በሬም ፈረስም የለም። ጠፍሩ የዋለው በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። አካላቸው እጅግ ከማዘንበሉ የተነሣ ከሚያርሱት መሬት ጋር ሊስተካከል ጥቂት ቀርቶታል። ጌታቸው አይታይም፤ ክብደቱ ግን በሰዎቹ ጀርባ ላይ ይታወቃል። ጨቋኙን ሳይሥሉ ጭቈናውን ማሳየት የታላቅ ሠዓሊ ብልኀት ነው።

የአሠራሩም ጠባይ ከጉዳዩ ጋር ይስማማል። የመዳቡ ሰሌዳ ሰም በመሰለ ነገር ይሸፈንና በመርፌ ይጫራል፤ አሲዱም የተጫረውን እየበላ ቦይ ያወጣል፤ በቦዩ የገባው ቀለም በመጭመቂያ ወደ ወረቀት ይተላለፋል። መሬት በማረሻ እንደሚተለም መዳቡም በመርፌ ተተልሟል ለማለት ይቻላል።

ሥዕሉ በተሠራበት ዘመን ግን የእንፋሎት ማረሻ በጀርመን አገር እንግዳ አልነበረም። በ1906 ዓ.ም. የሞተው ጀርመናዊ መሐንዲስ ማክስ አይት በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ይገኝ ለነበረው ለፋውለር ፋብሪካ ብዙ ዓመት ሠርቷል። በዚህ ፋብሪካ ዘዴ ሁለት የእንፋሎት መኪናዎች በእርሻው ዳርና ዳር ቆመው ማረሻውን በብረት ገመድ ወዲያና ወዲህ ይስቡት ነበር።

እንግዲህ «የብረት ገመድ በመጣበት ዘመን በሰው ትከሻ የሚሳብ ማረሻ መሣል ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ሠዓሊዋ የከሰሰችው ሰውን ከከብት የሚያስተካክለውን ሥርዐት እንጂ የመሣሪያውን ኋላ ቀርነት አይደለም። በዚሁ ተከታታይ ሥራ አንዲት ሴት ማጭድ ስትስል ትታያለች፤ ግፍ ሲበዛ የመከሩ መሣሪያ የጦር መሣሪያ ይሆናል።

መኪና ድካምን ያቃልላል፤ የድካሙ ፍሬ ለማን እንደሚሆን ግን አይወስንም። በአገራችንም ከ1975 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በፊት በነበሩት ዓመታት በጭላሎ አውራጃ ትራክተር በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቅለዋል። ቀንበሩ ከበሬው ጫንቃ ወረደ፤ ጭሰኛውም ከመሬቱ ወጣ። ስለዚህ የእርሻን መሻሻል የሚያስብ ሰው የመኪናውን ጉልበት ከመቍጠሩ አስቀድሞ የመሬቱንና የምርቱን ባለቤት እንዲጠይቅ «አራሾቹ» ዛሬም ያሳስበዋል።