የጀማዳሩ ዝምታ፦ ስለ «ዘ ፋር ፓቪሊየንስ» ልብ ወለድ

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የኤም ኤም ኬይ «ዘ ፋር ፓቪሊየንስ» በብሪታኒያ ይገዛ በነበረው የህንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ላይ የተመሠረተ ረጅም ልብ ወለድ ነው። በታሪኩ እምብርት የሚገኘው የጦር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1846 በፔሻዋር የተቋቋመው፣ ኋላም መርዳንን ሰፈሩ ያደረገው የፈረሰኛና የእግረኛ ጦር፣ ጋይድስ፣ ማለትም «መንገድ መሪዎች» ነው። ደራሲዋ በሲምላ የተወለዱ፣ ባለቤታቸውም የዚሁ ጦር መኮንን የነበሩ በመሆናቸው አገሩን የሚያውቁት ከቅርብ ነው። የአቧራውን ሽታ፣ የገበያውን ግርግር፣ የተራራውን በረዶ ሲገልጹ ብዕራቸው አይደናቀፍም። ይህ ሊነፈጋቸው አይገባም።

ዋናው ገጸ ባሕርይ አሽ ከእንግሊዛውያን ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ወላጆቹን አጥቶ፣ ሲታ በተባለች ህንዳዊት እጅ አሾክ ተብሎ ያደገ ነው። የሁለት ዓለም ሰው ስለሆነ የትኛውም ዓለም አይበቃውም። ግጭቱ እውነተኛ ነው። ችግሩ ግን ህንዳዊ የመሆን ሕመም በመጽሐፉ ውስጥ ጎልቶ የሚነገረው በእንግሊዛዊው አንደበት መሆኑ ላይ ነው። አብሮ አደጉ ዛሪን የጋይድስ ፈረሰኛ ነው፤ ወንድሙም እዚያው ያገለግላል። ሆኖም ዛሪን የሚመዘነው ዘወትር በአሽ ወዳጅነት ሚዛን ነው።

ስለ ፈረሰኛው ኑሮ ጥቂት እንበል። በአብዛኛው የህንድ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ይሠራበት በነበረው የሲላዳር ሥርዓት ወታደሩ ወይ ፈረሱን ይዞ ይመጣል፣ ወይ ዋጋውን ለክፍሉ ይከፍላል። ደመወዙ ከእግረኛው ከፍ ቢልም የፈረሱ ቀለብ ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ፈረሱ የቤተሰቡ ጥሪት ነው። በማዕረግ በኩልም አንጋፋው ህንዳዊ መኮንን ትናንት ከለንደን ከመጣው ወጣት መቶ አለቃ በታች ነበር። ይህ ሁሉ ለልብ ወለድ ምን ያህል የበለጸገ ማዕድን ነው!

ልብ ወለዱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1879 ካቡል ላይ የደረሰውን እልቂት ይተርካል። ደመወዛቸውን ያጡ የአፍጋን ወታደሮች የብሪታኒያን መልእክተኛ የካቫኛሪን መኖሪያ ከበቡ። አራቱ እንግሊዛውያን ከወደቁ በኋላ የተረፉት ጋይድሶች እጃቸውን እንዲሰጡ ተጠየቁ። እምቢ አሉ፤ በጀማዳር ጄዋንድ ሲንግ መሪነት ወጥተው እየተዋጉ አለቁ። አዛዣቸው ሞቷል፤ የሚያያቸው እንግሊዛዊ አለቃ የለም። ታዲያ ለምን? ለመንግሥቱ ታማኝነት ነው የሚለው መልስ ለገዢው ይመቸዋል። ሲኩ፣ ሂንዱውና ሙስሊሙ አብረው በቆሙበት በዚያ ግቢ፣ ሙስሊሙን ፈረሰኛ የእምነት ወንድሙ «ና ውጣ» ሲለው በልቡ ምን ተመላለሰ? ለመንደሩ የሚደርሰው ወሬ፣ አብሮት የተቀጠረው ዘመዱ፣ ከጎኑ የወደቀው ጓደኛው አልነበሩምን? በእኛ አስተያየት ደራሲዋ ጀማዳሩን በክብር ቢገድሉትም አላናገሩትም። የሚገነው በሞቱ ሰዓት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የቀረበው የቴሌቪዥን ፊልም ይህን ጉድለት አባባሰው፤ የህንዷን ልዕልት አንጁሊን የተጫወተችው አሜሪካዊቷ ኤሚ ኧርቪንግ ናት።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጋር ወደ መቅደላ በዘመተው ጦር የሲንድና የቤንጋል ፈረሰኞች ነበሩበት።

ሙልክ ራጅ አናንድ ባሳተመው «አክሮስ ዘ ብላክ ዋተርስ» የፑንጃቡን ገበሬ ላሉን ወደ ፈረንሳይ የጦር ምሽግ ይወስደዋል። ላሉ እግረኛ ነው፤ ግን ይፈራል፣ ያጉረመርማል፣ ቤተሰቡ ያጣውን መሬት ያስባል። የኬይን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ቢኖር አስቀድሞ አናንድን ያንብብ፤ «ጀማዳር» የሚለውንም ማዕረግ በእኛ ሠራዊት ማዕረግ ሳይተካ እንዳለ ይተወው።